ቁጭ የማይሉ ሽማግሌዎች እና የማይቆሙ አባት

ይህን ታሪክ እንደማታምኑኝ በቅዱስ ሚካኤል እምላለሁ። ሌላው ሰው የሚምለው ለመታመን ነው፤ እኔ የምምለው እንደማልታመን ስለማውቅ ነው። እዚህም እዚያም ትንሽ ጨው ነስንሼበታለሁ፣ አልደብቅም። ችግሩ እናንተ የምታምኑት ጨው ያለበትን ነው። እንዳለ የነገርኳችሁን "ውሸታም!" ትሉኛላችሁ። ለምጄዋለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው የትም ላለመድረስ ይሄዳል?

እኛ ቡልጋ ሳለን ሰው በመንገድ ሲያልፍ ካየን "ወዴት ነው?" እንላለን። "ገበያ" ይላል። "ለቅሶ" ይላል። "ፍርድ ቤት፣ ወንድሜን ልከስ" ይላል። "የትም፣ ዝም ብዬ እየተራመድኩ ነው" ያለ እንደሆነማ ዘመዶቹን ጠርተን ጠበል እንዲወስዱት እንመክራለን። ሎስ አንጀለስ ግን ሰው ከቤቱ ድራይቭ አድርጎ፣ ፓርኪንግ ለምኖ፣ አንድ ዙር በእግሩ ዞሮ፣ የተነሣበት ቦታ ሲደርስ "ኦ፣ ደስ ሲል!" ብሎ ወደ መኪናው ይመለሳል። ምን አገኘ? ምንም። ምን ይዞ ተመለሰ? ላብ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ አይደለም?

የሚዞሩበትን ቦታ ደግሞ ብታዩት። ረግረግ ነው! በእኛ አገር ረግረግ ማለት አልቅት የሚራባበት፣ የጎረቤት ጊደር ሰጥማ አገር ምድሩ በገመድ የሚጎትትበት ስፍራ ነው። እዚህ የጣውላ መንገድ ሠርተውለታል። አጥር አጥረውለታል። "እባካችሁ ረግረጉን አትርገጡት" ብለው ጽፈውለታል። እኔ አርባ ዓመት ስረገጥ ማን ጻፈልኝ?

ከዚህ ረግረግ ጋር ያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ዳዊት ነው። ዳዊት ዌስትውድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ሜሮን የምትባል ነርስ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። ለምን እንደምትወደው አልገባኝም፣ ግን ትወደዋለች። እንግዲህ ቀሪው ምንድን ነው? ሽማግሌ ልኮ አባቷን ማስጠየቅ ነው።

አባቷ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋርዴና ከሜሮን ጋር ነው የሚኖሩት። ስኳራቸውን የምትለካው እሷ። መድኃኒታቸውን የምታስውጠው እሷ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሲጠፋ፣ ከተቀመጡበት ሥር የምታወጣው እሷ። ሰውየው ጨዋ፣ የቸርች ሰው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው። "እምቢ" ክፉ ቃል ስለሆነ አይወጣቸውም። "እሺ" ደግሞ ልጃቸውን ይዞባቸው ስለሚሄድ አይወጣቸውም። ሃይማኖቱ ነው እንዳትሉ፤ ዳዊት እሷን ተከትሎ ቸርች ከገባ ወዲህ ከፓስተሩ በላይ "አሜን" የሚለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌ ሆነን ቤታቸው ስንሄድ የመስኮቱ መጋረጃ ነቅነቅ ሲል አየን። ሜሮን በሩን ከፈተችና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ "አባዬ ዎክ ወጥቷል" አለችን። ይህን እያለችን የጓሮው በር ሲዘጋ ሰማን። በሌላ ቀን ሄድን። "ዎክ ላይ ነው።" እምቢ ለሚል አባት መድኃኒት አለው፤ ደጋግሞ ደጁን መጥናት ነው። ለሚራመድ አባት ምን መድኃኒት አለው?

በዚህ መሀል ልጅቷ መረራት። ሲያትል ከአንድ ሆስፒታል ሥራ አገኘች። ዳዊትን ጠርታ እንዲህ አለችው አሉ፦ "አባዬ እሺ ካለ እዚሁ እንጋባለን። እምቢ ካለም ቁርጤን አውቃለሁ። ዝም ካለኝ ግን ሰኞ ሁለታችሁንም ትቼ እሄዳለሁ። አንዱ አይናገር፣ አንዱ አይጨክን፣ እኔ መሀል ቤት አረጀሁ!" ዳዊት ይህን ሲነግረኝ እንባው የፓርኪንግ ቲኬቶቹን አርሶት ነበር። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሰኞ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ፌርፋክስ ላይ ካለው ምግብ ቤት ገብተን መከርን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንደኛው እኔ ሽፈራው፣ አፍ እንጂ ፊደል ያልቆጠርኩት። ሁለተኛው ወንድም ዮናስ፣ ከጋሽ ዘለቀ ጋር አንድ ቸርች የሚያመልክ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ ጎልማሳ። ዋናው ሽማግሌ ግን ጋሼ ማሞ ናቸው። ጋሼ ማሞ ዕድሜያቸውን በታክሲ የፈጁ ናቸው። በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ ታክሲውን ካስቆመባቸው ወዲህም ከመንገድ ማዶ ያለ ሱቅ ድረስ ድራይቭ አድርገው ነው የሚሄዱት። እግራቸው የሚያውቀው ፍሬንና ነዳጅ ብቻ ነው። የአሜሪካን መሬት ረግጠዋል ብዬ ለመመስከር እቸገራለሁ።

እሳቸው ናቸው ጠረጴዛውን መትተው "ሰውየው ዎክ ላይ ከሆነ፣ ዎክ ላይ እንጠይቀዋለን!" ያሉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በኋላ በዚህ ንግግራቸው ምን ያህል እንደተጸጸቱ ጉልበታቸው ይናገር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቷ ይዞሩበታል ብላ ሜሮን ለዳዊት ወደ ነገረችው ረግረግ ሄድን። ዮናስ ሱፍ ለብሷል። እኔና ጋሼ ማሞ ጋቢ ለብሰናል፣ ከዘራ ይዘናል። እኛ ስንደርስ ሌላው ሕዝብ በቁምጣ ነው። ጋሼ ማሞ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው፣ በሩን ሳይከፍቱ የጣውላውን መንገድ አዩትና "ውስጥ ድረስ መኪና አይገባም?" አሉ። ዮናስ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበና "ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ቀላል መንገድ ነው ይላል" አላቸው።

"ለማን ነው ቀላል? ለዳክዬው?" አሉ።

እኔ ውሸታም ብሆንም ቦታው ግን ያምር ነበር። መግቢያው ላይ ባሕር ዛፍ ግጥም ብሎ በቅሏል። እኛ ጋ ባሕር በሌለበት ተራራ ተክለን ባሕር ዛፍ እንለዋለን። እዚህ እባሕሩ ጫፍ ቆሞ ማንም ባሕር ዛፍ ብሎ አይጠራውም። ዛፉ ራሱ ስደተኛ ነው ለካ፤ ስሙን እኛ ጋ ጥሎ መጥቷል። ከዛፉ ወዲያ ውሃ፣ ከውሃው ወዲያ የባሕር አሸዋ። መሀሉ ላይ ደግሞ ቄጤማ! ለበዓል በስንት ልመና የምናገኘውን ቄጤማ ዳክዬ ተኝታበታለች። እጄ ሳላዘው ወደ አጥሩ ሲዘረጋ ዮናስ "ጋሽ ሽፈራው! የቅጣት ቲኬት ይሰጡሃል!" ብሎ ጮኸብኝ። መለስኩት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና የተባለው ትዝ አለኝ።

ጋሽ ዘለቀ ከፊት ለፊት መጡ። ነጭ ስኒከር፣ ቆብ፣ ክንዳቸው እንደ ሰልፈኛ ወዲህ ወዲያ። እኛን ሲያዩ ዓይናቸው መውጫ ፈለገ። የት ይገባሉ? በግራ ጭቃ፣ በቀኝ ጭቃ፣ መሀል ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ሦስት ሽማግሌ። ተሰልፈን እጅ ነሳን። እሳቸውም እጅ ነሱ፣ ግን እግራቸው አልቆመም። በቆሙበት ይራመዳሉ!

"እንደምን አደራችሁ አባቶቼ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዶክተሬ ዙሩን ሳትጨርስ አትቁም ብሎኛል" አሉና በጎናችን ሾልከው አለፉ። ወዲያው ዞር ብለው፣ ከዛፉ ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር በእጃቸው እያሳዩ፣ "እስክመለስ እዚያ ቁጭ በሉ!" አሉን።

ተንኮሉን አያችሁት? ለልጅ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ቁጭ እንደማይል ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ወንበር ያቀርባል፣ ሽማግሌው "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ይገተራል። ቁጭ ካለ ልመናው ረከሰ፣ ነገሩ ቀለለ ማለት ነው። ጋሼ ማሞ ከዘራቸውን ተክለው "ቁጭ ልንል አልመጣንም!" አሉና ተከተሏቸው። እኛም ተከተልን።

በቃ። የማይቀመጡ ሽማግሌዎች የማይቆሙ አባት እየተከተሉ ረግረግ መዞር ጀመሩ።

ጋሼ ማሞ ከኋላ ሆነው መግቢያቸውን ጀመሩ። ያንን የሚያምር ንግግራቸውን፣ ስንቱን አባት ያስረታ ንግግራቸውን። ግን በሩጫ እንዴት ይነገራል? "እኛ…" ይሉና ይተነፍሳሉ። መታጠፊያው ይደርሳል። "…ዛሬ የመጣነው…" ሌላ መታጠፊያ። የወፍ ማያ መነጽር በአንገቱ ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "እሽሽሽ!" አለን። ለካ አንድ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማለች፣ ልንረብሻት ነው። እንግዲህ ጋብቻ ጥየቃው በሹክሹክታ ሆነላችሁ! ሦስት ሽማግሌዎች በእግር ጣታችን እየሄድን፣ አንድ አባት በእግር ጣታቸው እየሸሹ። ከሁላችንም የተከበረችው ሽመላዋ ናት፤ አንዴ ቆመች፣ ማንም ምን ፈለግሽ አላላትም።

"ልጅዎን…" አሉ ጋሼ ማሞ በሹክሹክታ፣ "ልጅዎን… ለ… ለ…"

"ለማን?" አሉ ጋሽ ዘለቀ ሳይዞሩ።

"ውሃ!" አሉ ጋሼ ማሞ።

"ውሃ የሚባል ልጅ አላውቅም" ብለው ጋሽ ዘለቀ ፈጠን አሉ።

ዙሩ አለቀ። መግቢያው ጋ ደረስን። አሁን ይቆማሉ ስንል ጭራሽ እንደገና ጀመሩት። "ዶክተሩ ሁለት ዙር ነው ያለኝ" አሉ። ሁለተኛው ሲያልቅ "ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ነው" አሉ። በየዙሩ ሐሳቡን የሚቀይር ምን ዓይነት ዶክተር ነው? ዮናስ ሱፉ በላብ ረጥቦ ከኋላዬ "ጌታ ሆይ፣ ወይ እሳቸውን አቁም፣ ወይ እኛን ውሰድ" እያለ ሲጸልይ ሰማሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኛ ጭራሽ ሳይታጠቅ ሊፈታ ነው። የሜሮን ሻንጣ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። የዳዊት እንባም። ሰኞ!

ያኔ ነው ከኋላችን ጓ የሚል ድምፅ የመጣው።

ዞር ስንል ጋሼ ማሞ እዚያ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ቁጭ ብለዋል ስላችሁ ተዘርግተዋል። ከዘራቸው አንድ ቦታ፣ ቆባቸው ሌላ ቦታ።

ዶክተር አትቁም ያላቸው ጋሽ ዘለቀ ቀጥ ብለው ቆሙ! ከደስታ ነው የቆሙት። "ተቀመጡ!" አሉ፣ ሽመላዋንም ረስተው። "ሽማግሌው ተቀመጡ! ጥያቄው ሳይሰማ ተቀመጡ! በቃ፣ ነገሩ ወደቀ! እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ በሰላም ግቡ!"

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ባልቆጥርም አፌ ወድቆ አያውቅም። "የለም ጋሽ ዘለቀ!" አልኳቸው። "ሽማግሌ የሚረክሰው በአባትየው ወንበር ሲቀመጥ ነው። ይሄ የእርስዎ ወንበር ነው? ገዝተውታል? ከጋርዴና ተሸክመው አምጥተውታል?"

"የማንም ቢሆን ወንበር ወንበር ነው!"

"የማን እንደሆነ ይታያላ! ዮናስ፣ እዚያ ብረቱ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?"

ዮናስ ጎንበስ ብሎ ከጋሼ ማሞ ትከሻ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ናስ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። "ለውድ አባቴ ለሄንሪ መታሰቢያ" አለ ቀስ ብሎ። "ይህን መንገድ ይወድ ነበር ይላል። ሰውየው ሞቷል።"

እግዜር ይስጠው ሄንሪ! አላውቀውም፣ አያውቀኝም፣ ግን እንደ እሱ በችግሬ ቀን የደረሰልኝ ሰው የለም። ወዲያው ጋቢዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። "ሰው ሞቶ!" አልኩ። "ጋሼ ማሞ የተቀመጡት ለለቅሶ ነው! ለቅሶ ቤት ገብቶ ቆሞ የሚያወራ ማን አለ? አሁን እርስዎ ጋሽ ዘለቀ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ቆመው ነው ወደቀ ተነሣ የሚሉት?"

ጋሽ ዘለቀ ጨዋ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ። ቆባቸውን አወለቁ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ለቅሶ አይቶ ሳይቀመጥ ያለፈ ሐበሻ ሆኖ መታየት አልቻሉም። ሄደው ከጋሼ ማሞ አጠገብ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ጎናቸው ቁጭ አሉ። እኔና ጋሼ ማሞ "ነፍስ ይማር" አልን። ጋሽ ዘለቀና ዮናስ እንዲህ የማይባልበት ቸርች ስለሆኑ "እግዚአብሔር ያጽናናችሁ" አሉ። ማንን እንደሆነ አላውቅም። ወንበሩን ይሆናል።

ያዝናቸው! በመጨረሻ ያዝናቸው! ግን ጉዴን ስሙልኝ፤ ለቅሶ ላይ ጋብቻ ይጠየቃል? በገዛ እጄ በሠራሁት ወጥመድ ጋሽ ዘለቀን ይዤ፣ አፌን ደግሞ አብሬ ያዝኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔና ዮናስ ቢያንስ ሽምግልናው እንዳይወድቅ ቆመን ቀረን። ዳክዬዋ ብቻ ታወራለች። ጋሽ ዘለቀ መሬት መሬት እያዩ፣ ስንት ደቂቃ ተቀምጬ ብነሣ ነውር አይሆንም እያሉ ሲያስቡ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

አሁን ነው የማታምኑኝ ቦታ የደረስነው። ይህ ጨው የለበትም።

አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ትንሽ ውሻ እየጎተተች መጣች። እኛን አይታ ቆመች። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ሱፍ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ዓይኗ እንባ ሞላ። "አባቴን ታውቁት ነበር?" አለች። ዮናስ ተረጎመልን።

የሄንሪ ልጅ ናት! ጉድ ፈላ። ዮናስ አይዋሽም፣ ጴንጤ ነው። እኔ እዋሻለሁ፣ ግን በእንግሊዝኛ አልችልም። ያዳነን ጋሼ ማሞ ናቸው። በታክሲ ዘመናቸው ለስንቱ ተሳፋሪ ያሉትን ያንኑ "ሶሪ፣ ቬሪ ሶሪ" አሉ፣ ከልባቸው። ሴትየዋ እላያቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ውሻው ጫማቸው ላይ ተኛ። ጋሽ ዘለቀ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽም ጠየቁ፦ "ምን አሟቸው ነበር?"

"ምንም" አለች። "ጤነኛ ነበር። ሁልጊዜ ይራመድ ነበር። ባለቤቴ እኔን ሊጠይቀው ሲመጣ፣ አባቴ እዚሁ መንገድ ላይ እየተራመደ ጥሎት ይሄድ ነበር። እሺ አላለም፣ እምቢ አላለም። ደከመን። ትተነው ሌላ ስቴት ሄደን ተጋባን። ከዚያ ብቻውን ሲዞር ኖረ። እኔ የደረስኩት ለቀብሩ ነው።" ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችው። "ይህን ያሠራሁለት፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ ቢሰማኝ ብዬ ነው።"

ዮናስ ይህንንም ተረጎመልን። ጋሽ ዘለቀ ዞር ብለው ናሷን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው "የት ስቴት ነበር የሄዳችሁት?" አሏት።

ሲያትል አለች ብላችሁ በምንም አታምኑኝም። ስለዚህ ኦሬገን ነው ያለችው እላችኋለሁ። እውነቱን ዮናስን ጠይቁት።

ጋሽ ዘለቀ ስልካቸውን አወጡ። ደወሉ። "ሜሪዬ" አሉ። "ሥራ ላይ ነሽ? …እሺ፣ አላቆይሽም። …የለም፣ ስኳሬ ደህና ነው። …ሲያትል ዝናብ ነው አሉ የኔ ልጅ። ሁልጊዜ ዝናብ ነው አሉ። ይቅርብሽ። ያንን ልጅ ደግሞ እሁድ ለምሳ ይዘሽው ነይ፤ እኔ ቤት ነኝ። የትም አልወጣም።"

ከስልኩ ውስጥ የሰማነው ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም። ጋብቻው በለቅሶው ላይ ቢጠየቅም ሄንሪ የሚከፋው አይመስለኝም። ዮናስ "ሃሌሉያ" ሲል እኔ እልል አልኩ። ሽመላዋ ብድግ ብላ በረረች፣ ባለ መነጽሩ ፈረንጅም ራሱን ያዘ። እኔ ግን ሥራዬን አልረሳሁም፤ "እሺ ነው ማለት ነው ጋሽ ዘለቀ? አፍ አውጥተው ይንገሩን" አልኳቸው።

"እሺ ነው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ብቻ ስሜን ወንበር ላይ እንዳትጽፉት።"

ከዚያ እንደ ባለ ቤት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሴትየዋንም ደግፈው አስነሡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጉና እንደ ወጉ "በሉ እንግዲህ አባቶቼ፣ ጥያቄያችሁ ተሰምቷል፣ ቁጭ በሉ!" አሉን። እኔና ዮናስ ከዚያ ሁሉ ዙር በኋላ እንደ እህል ጆንያ ዘጭ አልን።

ጋሼ ማሞ ግን ከነበሩበት ንቅንቅ ሳይሉ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጮክ ብለው እንዲህ አሉ፦

"እኔማ ቁጭ ካልኩ ቆየሁ! ይልቅ ከዚህ ወንበር የሚያስነሣኝ ሌላ ሽማግሌ ላኩ!"